የብርቱካን እንጨት እጀታ

ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ነገ» ይለዋል። ሰንጢ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ «ነገ ና» ስለሚባል የወጣለት ስም ነው፤ የእሱ ነገ ደግሞ አንዳንዴ የዛሬ ዓመት ነው። ለእኔ ወንድም ጋሼ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስጨቀጭቀው ኖሬ የሰማኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ምነው አፌን በቆረጠው።

የሚሠራው የሚታጠፍ የኪስ ሰንጢ ነው። ብረቱን ከአሮጌ መጋዝ ይቆርጣል፣ በሞረድ ያወጣዋል። እጀታውን ግን በባለቤቱ እጅ ልክ ነው የሚፈለፍለው፤ መጀመሪያ እጅህን ወረቀት ላይ ዘርጋ ይልና ዙሪያውን በእርሳስ ይነድፈዋል። እንጨቶቹ ከበሩ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ ላይ የተቆረጠበት ቀን ተጽፏል። ሦስት ዓመት ያልሞላውን አይነካም። እንጨት ውሃውን ተፍቶ ሳይጨርስ ከተሠራ በኋላ ይጠባል፣ የጠበበ እጀታ ሚስማሩን ይለቃል፣ ሚስማሩ ከላላ መቆለፊያው አይይዝም ይላል። ከጸሎቴ ይልቅ ይህን ነው በቃሌ የያዝኩት።

ሚስቱ ስትሞት አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ልጅቱ በተወለደች ዓመት እናቷ ጓሮ የተከለችውን ብርቱካን፣ እናቲቱ በሞተች በአራተኛው ወር ነፋስ ገንድሶ ጣለው። ልጅቱ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምራ ሩቅ ከተማ ተቀጥራ ነበር፣ መሄጃዋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ከዚህ እንጨት ሰንጢ ሥራልኝ፣ የእማዬን ነገር በኪሴ ይዤ ልሂድ አለችው። ሦስት ዓመት ጠብቂ አላት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እኔ እሳት ሆንኩበት። ለመንገደኛው ሁሉ በእጁ ልክ ስትሰፋለት ኖረህ ለገዛ ልጅህ ሲሆን ነገ ትላለህ ወይ አልኩት። ከምድጃው አጠገብ ብታስቀምጠው በሁለት ሳምንት ክው ይላል አልኩት። እኔ ስለ እንጨት የማውቀው ማንደድ ብቻ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ አጉተመተመ። ማታ ግን እንጨቱን ምድጃው ጥግ አየሁት።

ያን የመሰለ ሰንጢ ሠርቶ አያውቅም። እጀታው ፈዛዛ ቢጫ፣ ጉንጭ ላይ ቢያሹት የማይቆረቁር። ልጅቱ ግንባሩን ስማው ሄደች። እኔም ተኩራርቼ «አየህ?» አልኩት።

በሰባተኛው ወር ደወለችልኝ። መሰላል ላይ ሆና ወፍራም ገመድ ስትልጥ መቆለፊያው ለቀቀና ስለቱ ታጥፎ አራት ጣቶቿ ላይ ተዘጋ። ሳምንት ሙሉ ሲንቀጫቀጭ ታየው ነበር፤ የእናቴ ነው ብላ መጣል አልሆነላትም። ጅማቱን ሰፉት፣ ጣቶቿ ግን አልታጠፍ አሉ። በቀኝ እጇ ማንኪያ እንኳ አትጨብጥም። ከሥራዋም አሰናበቷት። «አክስቴ፣ አባዬ እንዳይሰማ። ከሰማ ይሞትብኛል» አለችኝ። ሆድ ይፍጀው ተባባልን። አባቷን ማሽን ያዘኝ፣ ሰንጢውም ሐኪም ቤት ጠፋ አለችው። ቤት ስትገባ ሰንጢውን ከሻንጣዋ አውጥቼ ሽንት ቤት ጉድጓድ ወረወርኩት። ያን ጊዜ በሠራሁት ነገር ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ወንድም ጋሼ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሞረድ አላነሳም። አንድ ቀን ጠዋት ግን ከመደርደሪያው ላይ የዚያኑ ብርቱካን ትራፊ አውርዶ መፈልፈል ጀመረ። የጠፋባትን ልተካላት ነው፣ ለግራ እጇ እንዲሆን አድርጌ አለኝ። እያንጎራጎረ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም። ተወው፣ ሦስት ዓመት መች ሞላው፣ ምንስ ያደርግላታል አልኩት፤ ድሮ ቶሎ በል ስትይኝ አልነበር ወይ ብሎ ሳቀብኝ።

እጇን ሊነድፍ ጠራት። ግራዋን ሰጠችው። ነደፈና ቀኙንም አምጪው፣ ምን መያዝ እንደሚችል ልየው አላት። እሺ ኋላ አለች። እሱ ግን ቀኝ እጇን ይዞ፣ ቀስ ብሎ መዳፏን ወደ ላይ ገለበጠው። ጠባሳው ከሌባ ጣቷ እስከ ትንሿ ጣቷ ድረስ አንድ መስመር ነው፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል። እርሳሱን አስቀመጠ። የጀመረውን እጀታ አንስቶ መዳፏ ላይ አደረገና ጣቶቿን አንድ በአንድ በላዩ አጠፈላት። ስለቱ የሚገባበት ስንጥቅና ጠባሳው ልክ ለልክ ገጠሙ።

«ማሽን እንዲህ አይቆርጥም» አለ።

ልጅቱ አንገቷን ደፋች።

«ስንት ወር ቆየልሽ?»

«ሰባት።»

አዎ፣ ብርቱካን በሰባት ስምንት ወር ነው የሚጠበው አለ፣ ለደንበኛ እንደሚያስረዳ ሰው። እኔ እግሩ ላይ ወደቅሁ። እኔ ነኝ ያቻኮልኩህ፣ እኔን ርገመኝ አልኩት። ክንዴን ይዞ አነሳኝ።

«አንቺ እንጨት አታውቂም» አለኝ። «እኔ አውቃለሁ።»

ከዚያ ወዲህም ሱቁን አልዘጋም፣ ይሠራል፣ ነገ ና ይላል። ምግብ ሲቀርብ ግን ወንበሩን ወደ ልጁ ያስጠጋና ሥጋዋን በትንንሹ እየቆረጠ ሳህኗ ላይ ያደርግላታል። እሷ በግራ እጇ መቁረጥ ከለመደች ቆይታለች፤ እሱ በሌለበት ከእኔ ፈጥና ቆርጣ ትበላለች። እሱ ሲኖር ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቀዋለች።