«አንድ ሰው አለ»

በቀደም፣ ደጎሎ ከተማ መምህር የሆነውን ልጄን መካነ ሰላም መናኸሪያ አድርሼ ስመለስ፣ ከመንገዱ ዳር ካለው መጋዘን የማዳበሪያ ጆንያ ያራግፉ ነበርና ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ መጣብኝ። የልጅነት ቤታችን በአንድ ክረምት እንዲሁ ይሸት ነበር።

በዚያ ዓመት ነገር ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። አባቴ ተገኘ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ፣ ችግሩን ለሰው ከሚናገር ጦም ማደር የሚመርጥ ገበሬ ነበር። እናቴ ዘነቡ ናት። ታላቅ እህቴ ዓለምነሽ ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ሲሆን አራተኛ ክፍል ነበርሁ። ጋሽ ሰይድ ደግሞ በሒሳብ ያዥነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ በገበያ ቀን ደጁ ላይ ተቀምጦ የሰውን ወረቀት የሚያነብ፣ ለተቸገረ በነጻ የሚመክር የከተማ ሰው ነበር። ቦራንም ልቁጠረው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በሬያችን ነው።

በክረምቱ መግቢያ አባቴ ማዳበሪያ በዱቤ ወሰደ፤ ስድስት መቶ አርባ ብር። ሐምሌ ላይ አያቴ ሞተውበት ለተዝካራቸው ከአጎቱ ልጅ፣ ከነጋዴው፣ ሦስት መቶ አሥር ብር ጨምሮ ተበደረ። ቤታችን ውስጥ ዕዳ የሚለው ቃል አይነሣም ነበር፤ አባቴ ግን ጆንያውን ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር።

ጥቅምት ገብቶ ስንዴው ሲያሽት፣ አባቴ ባዶ እጁን ምክር መጠየቅ ነውር ነው ብሎ አንድ ማሰሮ ማር አሸክሞኝ ወደ ጋሽ ሰይድ ወሰደኝ።

«ጋሽ ሰይድ፣ አንድ ሰው አለ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ሦስት መቶ አሥር ብር ተበድሮ ጨንቆታል።»

«አብሽር በለው! አይዞህ በለው። ሚስቱስ ደኅና ናት?»

«ዘነቡ? ደኅና ናት።»

ጋሽ ሰይድ አልሳቀም፤ እርሳሱን አገላብጦ አየና «ሌላ ዕዳስ የለበትም?» አለ።

«ኧረ የለበትም! እንዲያ ያለ ሰው አይደለም።»

«እንግዲያው እህሉ እንደተወቃ ሸጦ ይክፈልና ይገላገል።»

ማሩን አልቀበልም ቢል አባቴ ደጃፉ ላይ ትቶት ሄደ። ኅዳር ላይ እንደተመከረው ሁለት ኩንታል ስንዴ ሸጦ፣ ክፈለኝ ብሎ እንኳ ላልጠየቀው ለአጎቱ ልጅ ከፈለ። ያን ቀን ሲያፏጭ የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ጥር ሲጋመስ የማዳበሪያ ዕዳ የሚሰበስቡ ሁለት ሰዎች ወረቀት ይዘው መጡ። የማዳበሪያው ገንዘብ እስከ ሰኞ ካልገባ ቦራን ነድተው እንደሚወስዱ ነግረውን ሄዱ። ቅዳሜ አባቴ ሁለተኛውን ማሰሮ አሸክሞኝ ሲወጣ፣ እናቴ ነጠላዋን ደርባ ሳትጠራ ተከተለችን።

«ጋሽ ሰይድ፣ ያ ሰው አሁን ደግሞ…» ብሎ አባቴ ሲጀምር አቋረጠችው።

«ሰውዬው ይኸ ነው። ሚስቱ እኔ ነኝ። የማዳበሪያ ስድስት መቶ አርባ ብር አለብን፤ ቀኑ ሰኞ ነው።»

ጋሽ ሰይድ እርሳሱን አስቀመጠ። «ተገኘ፣ አንተ መሆንህንማ ገና ያኔ አውቄአለሁ። ያላወቅሁት ማዳበሪያውን ነው። ያጎትህ ልጅ እስከ ሰኔም ይታገሥህ ነበር፤ ይኸኛው ግን ቀን አለው። እህሉን ለዚህ አድርግ እልህ ነበር።»

«አሁንስ?» አለች እናቴ።

«አሁንማ በሬው ነው። እነሱ በፈለጉት ዋጋ ከሚወስዱት ራሳችሁ ሽጡት።» ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ ያልተከፈተውን የጥቅምቱን ማሰሮ አውጥቶ ከአዲሱ ጎን አስቀመጠና «ይኸን ለዚያ ሰው መልሱለት፣ ያስፈልገዋል» አለ። እናቴ ሳቀች፤ ወዲያው ግን በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

ዘጠኝ መቶ ብር የሚያወጣው ቦራ፣ ሻጩ እንደቸኮለ ገዢው ስላወቀ፣ በስድስት መቶ ሃምሳ ሄደ። በቀጣዩ ክረምት በቀረን አንድ በሬ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተን ስናርስ ተራችን ዘግይቶ ደረሰን፣ ምርቱም በእኩሌታ ቀነሰ፤ እህቴ ትምህርቷን ትታ ከተማ ሰው ቤት ተቀጠረች፣ እኔም ከአራተኛ አላለፍሁም። የቀረውን ንባብና ሒሳብ ራሴን አስተማርሁ፤ በዚህም እኮራለሁ፤ ኩራቴም ልጆቼ ፊት ቁጡ አድርጎኛል።

ልጄ ከመሄዱ በፊት በነበረው ማታ «አባዬ፣ አንድ ጓደኛዬ በስልክ የሚሰጡትን ብድር እየደራረበ ተቸግሯል፣ ምን ልምከረው?» ብሎኝ ነበር። እኔም ያንን ጓደኛ ያለ ዐቅሙ የሚኖር፣ ሠርቶ ያልለመደ እያልሁ እስኪበቃኝ ወቀስሁት። ልጄ «እሺ አባዬ» ብሎ ተኛ። ጠዋት ሚኒባሱ ሄዶ፣ ያ ሽታ መጥቶብኝ፣ መንገድ ላይ ቆሜ ነው የገባኝ።

ደወልሁለት። «ሰውዬው ማነው አልልህም። ስንት ነው?»

በሚኒባሱ ሞተር ጩኸት መሐል «አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ» አለኝ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ሌላስ?» አልሁት ደግሜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«…ለባልደረባዬ ሦስት ሺህ።»

ወረቀት አውጥቼ ጻፍሁት፤ የቱ ቀን እንዳለው፣ የቱ እንደሚታገሥ እየጠየቅሁት ብዙ ተነጋገርን። የስልኩ ሒሳብ ዐሥር ብር አልሞላም። ያኔ «ኧረ የለበትም» መባሉ እኛን ያስከፈለንን ግን ብዙ ጊዜ ደምሬዋለሁ፦ ከዘጠኝ መቶ ሃምሳው ብር ዕዳ ሌላ፣ ከቦራ ዋጋ የጎደለው ሁለት መቶ ሃምሳ ብር፣ የአንድ ዓመት ምርት እኩሌታ፣ የእኔ ስምንት ዓመት ትምህርት፣ የእህቴ የዓለምነሽ ስድስት ዓመት።