ከከሚሴ የመጣው የአባቴ ደም

ከከሚሴ የወጣሁት በሰንበቴ ገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ወገኖቼ፣ ስደት ሁሉ በጨለማ የሚጀመር እንዳይመስላችሁ! ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ስሜን መዝግቦት ስለነበር፣ አባቴ ሁለት ፍየል አስያዙኝና ሻጭ መስለን ተነሳን። ሰንበቴ ላይ ወደ ጅቡቲ የሚያሻግረኝ አንድ የአፋር ነጋዴ ይጠብቀኛል። መንገድ ላይ አባ በየቁጥቋጦው ጥግ ቁጢጥ ይላሉ፤ ቶሎም አይነሱ። እኔ ነፍሴ ልትወጣ ነው።

«አባ፣ ይፍጠኑ እንጂ! ሊይዙን ነው!» ብዬ ተቆጣኋቸው።

«ብርድ መትቶኝ ነው፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

የበረሃውን ብዘረዝርላችሁ አያልቅም። በግመል ወተት ነፍሴን አቆይቼ ጅቡቲ ገባሁ፣ ከጅቡቲ በስንት ደጅ ጥናት ጀርመን። ብርዱ? የአገሬ የጨፋ ሜዳ ሙቀትና ላብ ናፈቀኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ያከራየችኝ አሮጊት ውዱእ ባደረግሁ ቁጥር የመታጠቢያ ቤቱን ወለል እያየች ትጮኻለች።

«እዚህ ቤት ዝናብ ይጥላል እንዴ?»

«ለሶላት ታጥቤ ነው፣ እትዬ።»

«ትናንትም ታጥበህ ነበር እኮ!»

ሥራ ያገኘሁት በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ብልቃጥ ማጠብ ነው። እዚያ ስለ አንድ የደም ፕሮቲን የምትመራመር አንዲት ሐኪም ነበረች፤ ጥያቄ ባበዛባትም አትሰለቸኝም። ፕሮቲን ሲባል እኔ የማውቀው ሥጋና ባቄላ ነው።

«ወንድ ከሽንት ፊኛው ሥር አንዲት ዕጢ አለችው፣ ፕሮስቴት ትባላለች» አለችኝ። «የራሷ ፕሮቲን አላት። ዕጢዋ ስትታመም ፕሮቲኑ ደም ውስጥ ይበዛል። ካንሰር ነው ብሎ ባይቆርጥም፣ ቶሎ መርምሩ ይለናል።»

«ሕመምተኛውስ በምን ያውቃል?»

«ሽንቱ ቶሎ ቶሎ ይመጣበታል፣ ግን አልወርድ ይለዋል። ሽማግሌዎች ይደብቁታል።»

ውሃውን እንደከፈትኩ ቆሜ ቀረሁ። አባ! በየቁጥቋጦው ጥግ! እኔ ደግሞ ተቆጥቻቸው! ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ልጻፍ ብል እንዴት ብዬ? እኛ አገር የስደተኛ ደብዳቤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጮክ ተብሎ ነው የሚነበበው። አባት በጉባኤ መሐል ሽንትዎ እንዴት ነው ይባላል? ስለዚህ አድበስብሼ፣ «አባ፣ ደሴ ሆስፒታል ሄደው ደምዎን ይታዩ፤ እኔ ያለሁበት ቤት እንኳ ሥራው ደም ማየት ነው» አልኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው። ደሴ አልሄዱም። እንግዲያስ ልጄ ራሱ ይየው ብለው፣ ደም ሊያስቀዱ ለከሚሴው ክሊኒክ ድሬሰር እጃቸውን ዘረጉ። ለሽንታቸው ያፈሩ ሰው ለደማቸው አላፈሩም።

ደሙ በአንድ የባቲ ነጋዴ እጅ በጅቡቲ ዞሮ፣ ከሁለት ወር በኋላ ደረሰኝ። በመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ተደርጎ በጨርቅ ተጠቅልሏል። እናቴ እንዳይበላሽ ብላ የተወቀጠ ጥቁር አዝሙድ ጨምራበታለች፤ ከሞት በቀር ሁሉን ያድናል ይባላላ እኛ ዘንድ! ሼሁም ዱዓ አድርገውበታል። ሐኪሟ ብልቃጡን ወደ መብራቱ አንስታ አየችው።

«በበረዶ ተይዞ ቶሎ መምጣት ነበረበት» አለች። «ከዚህ ውስጥ ፕሮቲኑን ማንበብ አይቻልም።»

«እባክሽ፣ ሞክሪው ብቻ!»

«ምኑን ልሞክር? አባትህን እዚያው ሐኪም ይያቸው።»

መጸዳጃ ቤት ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ አባን በቀጠሮ ከሚሴ ቴሌ አስጠርቼ ደወልኩ።

«አባ፣ ደሙ መንገድ ላይ ተበላሸ። ስለ አላህ ብለው ደሴ ይሂዱ። የሽንትዎን ነገር ለሐኪሙ አይደብቁት።»

እንዲህ ያለ ቃል ለአባቴ ስናገር በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ከኋላቸው ተራ የሚጠብቀው ሰው ሲንጫጫ ይሰማኛል።

«አባ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ!» አሉ ጮክ ብለው፤ ለእኔ ሳይሆን ለሰዉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አይዞህ፣ ኢልማ ኮ። ደም እንደሁ ሞልቶኛል። ሌላ እልክልሃለሁ።»

ደሴ በመኪና ሁለት ሰዓት ነው። ኦፕሬተሯ «ጨርሱ» አለች። አይሆንም፣ አባ፣ ደም አልፈልግም ማለት ነበረብኝ። ሽንት የሚለውን ቃል ግን እንደገና ለማንሳት አፈርኩ።

«እሺ፣ አባ» አልኳቸው።