ሐሙስና ቅዳሜ የሚቀንሰው ፈሳሽ

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አልፎታል። ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታት ነበር። ከአእምሮዬ ያልጠፋው ባለቤቴ ለጥቂት ስለተረፈ ብቻ አይደለም። እሱን ያሳደጉትን ሴት በሰው ፊት የተናገርኳቸው ቃል እስከ ዛሬ ስለሚከነክነኝም ነው።

ጊንጪ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ለሚ የጭልሞ ደን ጥበቃ ሠራተኛ ነው። የቲቢ መድኃኒት እየወሰደ ሳለ ትንፋሹ እያጠረ መጣና አምቦ ወስደን ሆስፒታል አስተኛነው። ጎኑ ላይ ቱቦ ገብቶ ፈሳሹ አልጋው ሥር ወዳለ ጠርሙስ መውረድ ጀመረ። እኔ መግል ነበር የጠበቅኩት። የወጣው ግን ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ነው።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ከደም ሥር ሌላ፣ ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ የሚያነሱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ ሊምፍ ይባላሉ። የምንበላው ቅባትም ከአንጀት ወደ ደም የሚደርሰው በእነሱ በኩል ነው።

«ሳንባ ለረጅም ጊዜ ሲቆጣ ሰውነት ፈሳሹን ለማንሳት አዳዲስ ቱቦ ያበቅላል» አለችኝ። «አዲሶቹ ግን ሁልጊዜ ጠንካራ አይሆኑም፣ ያፈሳሉ። እሱ ላይ ደግሞ ዋናውን መስመር እብጠት ሳይጫነው አልቀረም። ቅባት በበላ ቁጥር ደረቱ ውስጥ ይፈስሳል። ቅቤም ዘይትም ወተትም ይቁም። በሁለት ሳምንት ካልቀነሰ አዲስ አበባ ሄዶ ደረቱ ይከፈታል።»

ለሚ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ያንን ቀዶ ጥገና እንደማይችለው ዶክተሯም ሳትናገር ገባኝ። ስለዚህ ቆረጥኩ፤ አንዲት ጠብታ ቅባት በአፉ አይገባም።

ጠዋት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት በሚኒባስ አምቦ እገባለሁ፣ እዚያው አድሬ ጎህ ሲቀድ እመለሳለሁ። ቅዳሜና እሁድም ስንቁን ለማሰናዳት እንዲሁ እመላለሳለሁ። ያለ ዘይት የተሠራ ሽሮ፣ ንፍሮ፣ ድንችና የእንቁላል ነጭ ትቼለት እሄዳለሁ። እኔ በሌለሁበት አዳዳ ድርቤ ያስታምሙታል። አዳዳ ማለት የአባት እህት ነው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

ነርሷ ጠዋት ጠዋት ገና ሳልወጣ የፈሳሹን ልክ ስታነብ እኔ የትምህርት ዕቅድ ደብተሬ ጀርባ ላይ እገለብጣለሁ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ቁጥር ካላየሁ አላምንም። ቁጥሩ ግን አልወርድ አለ። ስምንት ቀን፣ ዘጠኝ ቀን፣ ያው ነው። ዶክተሯ የሪፈር ወረቀት ማዘጋጀት ጀመረች።

በአሥረኛው ቀን ደብተሩን ይዤ ሚኒባስ ውስጥ አፍጥጬ አየሁት። ሐሙስ ጠዋት ቀንሷል። ቅዳሜ ጠዋትም ቀንሷል። የሐሙስ ጠዋቱ የረቡዕ ፈሳሽ ነው፤ የቅዳሜውም የዓርብ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው!

አንድ ሰው ቅባት እያበላው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ጾም አይሽርም።

በማግስቱ ክፍሌን ለባልደረባዬ አደራ ብዬ ሳይጠበቅ ረፋዱ ላይ ደረስኩ። አዳዳ አልጋው ጫፍ ተቀምጠው ገንፎ እያጎረሱት ነው። መሐሉ ላይ ቅቤ ይዋኛል። ሳህኑን ከእጃቸው ነጠቅኩት።

«እየገደሉት ነው!» ብዬ ጮህኩ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ዞረ።

«ማሎ፣ እባክሽ ልጄ!» አሉ። «የሚፈሰው ወተት አይደለም እንዴ? የፈሰሰውን ካልተካንለት በምን ይነሳል? የወንድሜን ልጅ በደረቅ ሽሮ ቀበርኩት ልበል?»

ለሚ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እሷ ስታጎርሰኝ እንዴት እምቢ ልበል?» አለ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩና ደብተሩን ገለጥኩ። አዳዳ ማንበብ ስለማይችሉ ለየቀኑ መስመር አሰመርኩላቸው፤ ብዙ ለፈሰሰበት ረጅም፣ ለቀነሰበት አጭር። «ይኼ ረቡዕ ነው፣ ይኼ ዓርብ ነው» አልኳቸው። አጫጭሮቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ። ከዚያ ገንፎውን ተሸክመው ወጡ።

በማግስቱ ስመጣ በር ላይ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ከገጠር ቅቤና ወተት ይዞ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ይመልሳሉ። «ለሚ ጾም ይዟል፤ እኔም አብሬው ይዣለሁ» ነው መልሳቸው። እኔ ሰው አስቀይሜ፣ የሐኪም ቃል ጠቅሼ ያልቻልኩትን እሳቸው በዚህች ቻሉት። ጾም ላይ ማን ይከራከራል? እውነትም ጾሙ፤ እንደሱ ደረቅ ሽሮ ይበሉ ነበር።

ፈሳሹ በሦስት ቀን ውስጥ ግማሽ ሆነ። ቀስ በቀስ ጠራ፣ ከዚያ ቆመ። አዲስ አበባ ሳንሄድ ቱቦው ወጣ።

ፋሲካ ደረሰ። ዶክተሯ በመጨረሻው ቀጠሮ ትንሽ ትንሽ ቅባት እንዲሞክር ፈቅዳለት ነበር። አዳዳ ቅቤ ይዘው ቤታችን መጡ። ለሚን ሰላም ከማለታቸው በፊት ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ አንድ ማንኪያ ትፈቅጂልኛለሽ?» አሉኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናት የሆኑለት ሴት ልጃቸውን ለማጉረስ እኔን ፈቃድ ጠየቁ። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንኳቸው፤ እሳቸውም ስቀው አነሱኝ። በሰው ፊት መጮኼ ዛሬም ያሳፍረኛል፤ እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም። ሳህኑን ግን ነገም ቢሆን እነጥቃለሁ።