የሟቹ ልብስ

ለእህቴ ባል "ድንጋዩ" ብላ ስም ያወጣችለት ራሷ እህቴ ናት። ገና በታጩ ሰሞን ሰውየው አጠገቧ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ከ"እሺ" በቀር ቃል አልወጣው ስላለ ነው። ያኔ ለቀልድ ነበር። አሁን ስሙ ልኩ ሆኗል፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ድንጋዩ መካኒክ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ በተቃጠለ ዘይት የጠቆረ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። እህቴ ደግሞ ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄዳ ደሟን ታሳጥባለች። ታጥባ ስትወጣ ሰውነቷ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ ከገባች ንዝረቱ አንጀቷን ይገለብጠዋል። ለዚህ ብለው ያገለገለች ሃይብሪድ መኪና ገዙ። መንገድ ሲጨናነቅ ሞተሯ ራሱን ያጠፋና በባትሪ ትንሸራተታለች። ድምፅ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ። "ከባሌ ቀጥሎ ዝምተኛዋ ይቺ ናት" ትል ነበር እህቴ።

ዝምተኛ ግን ሕመሙን አይናገርም። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ መንዘፍዘፍ ጀመረ። የማቀዝቀዣው ውሃም መሬት ላይ ሳይፈስ ይጎድላል። ድንጋዩ ከፍቶ ቢያየው የሞተሩ ክዳን ከሆነው ቴስታታ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበልቶ ውሃው ፒስተኑ ላይ ሲገባ ኖሯል። ሞተሩ አልቆለታል። የጋራዡ ባለቤት ያገለገለ ሌላ ሞተር አስመጣለት።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያገለገለ ሞተር የሚመጣው ራቁቱን ነው፤ ቧንቧው፣ የአየር መሳቢያው፣ የጭስ ማቀዝቀዣው፣ ምኑም ምኑም የለበትም። በየጋራዡ ያለው ልማድ እነዚህን ከሞተው ሞተር ላይ ፈትቶ ለመጪው ማልበስ ነው። "የሟቹን ልብስ አልብሰው" ይባባላሉ፤ ይሳሳቃሉም። ሟቹ በምን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የዚህ ዓይነቱ ሞተር ከሚያወጣው ጭስ ጥቂቱን አብርዶ መልሶ ይስባል። የሚያበርድበት ዕቃ ቀስ በቀስ በጥቀርሻ ይደፈናል። ሲደፈን ሞተሩ ከልክ በላይ ይግልና ጓርኒሲዮኑን ይበላዋል። ገዳዩ እሱ ነበር። ድንጋዩም ገዳዩን በገዛ እጁ ፈትቶ፣ ላይ ላዩን በቤንዚን ጠርጎ፣ ለመጪው ሞተር አለበሰው። ሁሉም እንዲያ ነዋ የሚያደርገው።

ይህን "ሁሉም" የሚባለውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው የምለውን እኔ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ሞተር ዓመት ሳይሞላው፣ ድንጋዩ እህቴን ለእጥበት ይዟት ሲሄድ፣ ድልድይ ላይ ቀጥ አለ። ለምነው በሰው መኪና እስኪደርሱ የእጥበቱ ማሽን ለሌላ ታማሚ ተሰጥቷል። "ነገ ተመለሱ" ተባሉ። ነገ ሳይደርስ ሳንባዋ ውሃ ቋጠረ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አቁሞን ነገሩን ሲያስረዳ ድንጋዩ እስኪጨርስ ጠበቀና፣ "መኪናዋን ከድልድዩ ላይ ማን አነሳት?" አለ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህ መተንፈስ አቅቷታል ነው እኮ የሚልህ" አልኩት።

"ሰማሁ" አለ።

እህቴስ ተርፋ ከአልጋ ተነሳች። እሱ ግን ከዚያ ኮሪደር የተመለሰ አይመስለኝም። ይበላል፣ ይሠራል፣ ሲጠሩት አቤት ይላል። ከዚያ ያለፈ ነገር ብትፈልግበት ባዶ ቤት እንደ ማንኳኳት ነው።

አንድ ቀን፣ "ሦስተኛውን ሞተር ከዚሁ ከሞተው ራሴ እሠራዋለሁ" አለ።

"እስከዛሬ ማን ሲሠራው ኖሯል?" አለችው እህቴ።

ድልድዩ ላይ የሞተውን ሞተር አውጥቶ ቤታቸው በረንዳ ላይ አሮጌ አንሶላ አንጥፎ በተነው። የጭስ ማቀዝቀዣውን አንስቶ ባንደኛው አፉ ውሃ አፈሰሰበት፤ በሌላኛው ጠብታ አልወጣም። በመጋዝ ለሁለት ከፈለው። ውስጡ አስፋልት ነው። ግማሹን ለእህቴ ሰጣት።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"ከመጀመሪያው ፈትተህ መልሰህ ያሰርከው?"

"አዎ።"

አገላብጣ አየችው። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" አለችና ሳቀች፤ እጇ የነካውን ጥቀርሻም በሸሚዙ ጠረገች። እሱ አልሳቀም፤ አልተቆጣም። ቆሞ እስክትጨርስ ጠበቃት።

ከዚያ ሥራው ቀጠለ። ቴስታታውን ብረት የሚላግበት ቶርኖ ቤት ወስዶ አስተካከለ። አንዴ ታስሮ የተሳበ ቡሎን መልሶ ማሰር ሌላው የጋራዥ ልማድ ነው፤ እሱን ተወና አዲስ አደረገ። ጓርኒሲዮኑም አዲስ ሆነ። ሁሉ ሲያልቅ የቀረው አዲሱ የጭስ ማቀዝቀዣ ነበር፤ እሱ ደግሞ ታዘዘ እንጂ አልመጣም። ሳምንታት ሄዱ። እህቴ የምታስመልስበትን ፌስታል ይዛ በሚኒባስ ትመላለሳለች።

የጋራዡ ባለቤት አንድ እሁድ በረንዳው ላይ መጣ። "ከሌላ መኪና የፈታሁት አለኝ፤ ቤንዚን ውስጥ አሳድረውና ግጠመው" አለው።

"የየትኛው ሟች ልብስ ነው?" አለ ድንጋዩ።

"ወይ አንተ! ሚስትህ በሚኒባስ እየተንገላታች ትፈላሰፍብኛለህ?"

ባለቤቱን አልወደውም፤ ያን ቀን ግን አብሬው ጮኽኩ። "ዝጋውና ትሂድበት! ትሙት እንዴ?"

"እንዲያ አድርጌ ከዘጋሁት ነው የምትሞተው" አለኝ። ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም። ኪያቤውን ጠርጎ አስቀመጠና እጁን ሊታጠብ ገባ። ባለቤቱ፣ "እንግዲህ እንደ ፍጥርጥርህ" ብሎ ሄደ። ዛሬም በዚያ ጋራዥ የሟች ልብስ ይለበሳል፤ ከአንድ ሰው እጅ በቀር።

ዕቃው መጣ፤ ሞተሩ ተዘጋ፤ መኪናዋ ውስጥ ገባ። ድንጋዩ ግን ወዲያው እህቴን አላሳፈረባትም። ወሩን ሙሉ ራሱ በከተማው ጭንቅንቅ ውስጥ ሥራ ሄደባት፣ ተመለሰባት። የሠራው ለእሽቅድድም አይደለም፤ ቆሞ ለሚሄድ፣ ሄዶ ለሚቆም፣ የየዕለት መንገድ ነው። በእህቴ ቀይ የጥፍር ቀለም የውሃውን ልክ ዕቃው ላይ ምልክት አድርጎ፣ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ኮፋኖውን ከፍቶ ያያል።

"ለኔ ጥፍር ያልተረፈ ቀለም" አለች እህቴ በመስኮት።

ውሃው ከቀዩ መስመር አልወረደም። ሞተሩም በብርድ ሲነሳ አልተንዘፈዘፈም። እንኳን ደስ አለህ ስለው፣ "ገና ነው" አለኝ። ቆይቶ፣ አንድ የእጥበት ቀን ጠዋት፣ ሳይነግረን የፊቱን በር ከፍቶ ሚስቱን ጠበቀ።

እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። እህቴ ትኩሳት ያለው ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው መዳፏን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ድልድዩ ላይ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ሞተሩ ራሱን አጠፋ። መኪኖቹ ሲንቀሳቀሱ ተነሳ፤ እኔ እንኳ መነሳቱን ያወቅኩት ድልድዩን ካለፍን በኋላ ነው። የእህቴ እጅ ከዳሽቦርዱ ላይ ተንሸራቶ ጭኗ ላይ አረፈ። ወደ ሆስፒታሉ መታጠፊያ ሳንደርስ አፏን ከፍታ ተኝታለች።

በሩ ላይ አቆመ። ሁለት እጁ መሪው ላይ እንዳለ ዞሮ ያያት ጀመር።

"ደስ አይልህም?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ምንም አይታወቀኝም" አለ። "ደርሰናል ግን።"

ልጮኽበት አፌን ከፈትኩና እሷን እንዳልቀሰቅሳት ተውኩት። እሱ ሰዓቱን አየ፤ ተራዋ እንዳያልፍም ትከሻዋን ነካ ነካ አድርጎ ቀሰቀሳት።