ከበላች ትመለሳለች

ደብረወርቅ ቢሻው እህል የጠላችው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ በሰኔ ሚካኤል ዝክር፣ ሰው በተሰበሰበበት። ያን ጊዜ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ከወረታ ዝቅ ብሎ ወደ ጣና በሚወስደው ሜዳ ደሴ ለሚባል ሰው ተድራ ገና ሁለተኛ ክረምቷን መያዟ ነው። አማቷ እትዬ ይርገዱ እንግዳ በሞላበት ቤት፣ «ይህችስ አፍ ብቻ ሆና መጣችብን፤ የምትበላው እንጂ የምትሠራው አይታይ» አሉ። እንግዶቹ ሳቁ። ደሴም እናቱን ላለማስቀየም ይሁን አፍሮ፣ አብሯቸው ሳቀ። ደብረወርቅ የጠቀለለችውን መልሳ መሶቡ ላይ አኖረችው።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድላት አለ። መጀመሪያ «ጦም ይዣለሁ» አለች። ፍልሰታ ሲፈታ «ሆዴን አሞኛል» አለች። ጥቅምት ላይ፣ በክረምት ሜዳውን የሚያጥለቀልቀው ውሃ ሲሸሽ ደሴ በቅሎ ላይ አስቀምጦ አባቷ ቤት አደረሳትና፣ «ስትድን እወስዳታለሁ» ብሎ ሄደ።

አባቷ ቤት የሚገባ የሚወጣው ሁሉ አፏን የሚያይ ሆነ። እናቷ ማናዬ እያለቀሰች ታጎርሳታለች። ጎረቤቱ ቡዳ ነው ይላል። አጎቷ አንድ ቀን አገጯን ይዞ አጥሚት ሊግታት ሞከረ። እሷ ግን ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበራት። ከበላች ትድናለች፤ ከዳነች ደሴ በቅሎውን ጭኖ ይመጣል። ካልበላችም እንደምትሞት ታውቀዋለች። መውጫ አልታያትም።

ጥር ላይ እናቷ ወንዛዬ ፍልውሃ ይዛት ወረደች። ከዳሳቸው ጎን እማሆይ ወለተ ሐና የሚባሉ መነኩሴ ሰፍረው ነበር። የእማሆይ ጣቶች በቁርጥማት ተቆላምመው መፍተል አቅቷቸዋል። ደብረወርቅን ጠርተው ባዘቶና እንዝርት ሰጧት እንጂ «በልተሻል ወይ?» አላሏትም።

ሲመሽ ፈትሉን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም፣ እማሆይ። አማቴ ቤት እፈትል ነበር። ለሸማኔው ሲሰጥ ግን የእሳቸው ነው ይባላል።»

«እኔ ዐርባ ዓመት ፈትያለሁ፤ እንዲህ የቀጠነ አልወጣልኝም። ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የሚሆን ክር ስለምፈልግ ነው።»

በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ፈተለች። በአራተኛው ቀን ክሩ እየተበጠሰ አስቸገራት።

«እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ክሬን ታበላሺብኛለሽ» አሏት እማሆይ። ቆሎ አጠገቧ አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። ደብረወርቅ ማንም እንደማያያት አረጋግጣ አንድ ጭብጥ ቃመች።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን፣ «እማሆይ፣ ከበላሁ እኮ ይመልሱኛል» አለቻቸው።

«እሱን እኔ ላስቀርልሽ አልችልም። የምትፈልጊውን ተናግረሽ ታውቂያለሽ?»

«ማን ይሰማኛል?»

«እስቲ እኔ ልስማሽ።»

መናገር አቃታት። በየቀኑ እየፈተለች ትሞክረዋለች፤ ድምጿ ሰው ጆሮ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ቀን ፈጀ።

መጋቢት ላይ፣ ከፍልውሃው ወደ አባቷ ቤት ከተመለሱ በኋላ፣ ከደሴ ዘንድ ሽማግሌዎች መጡ። አባቷ፣ «ድናለች፣ ትመለስ» አለ። ደብረወርቅ ምሰሶውን ተደግፋ፣ «ከተመለስኩም አማቴ ቤት አልገባም። ጎጆ ይቀለስልኝ። የምፈትለውም በስሜ ይጠራ» አለች።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» ብሎ አባቷ ተነሣ። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ገብረማርያም ግን እጃቸውን አንስተው፣ «ተው ቢሻው፣ ትጨርስ» አሉት።

ጎጆው ተቀለሰ። የተቀለሰው ግን ከእትዬ ይርገዱ ደጅ ሃያ እርምጃ ርቆ ነው። ከነጭራሹ መመለስ አለመፈለጓን ለሽማግሌዎቹ አልተናገረችውም፤ እዚያ ድረስ አልደፈረችም። ክረምት ሲገባ ውሃው ሁለቱንም ቤት አንድ ላይ ይከባል፤ መሄጃ የለም። የሚበላላት ቀን አለ፣ የማይበላላትም ቀን አለ።

በሦስተኛው ዓመት ሸማኔዎቹ ፈትሏን «የደብረወርቅ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። እትዬ ይርገዱ ለሴት ልጃቸው የሠርግ ቀሚስ የእሷ ክር አማራቸውና በደሴ በኩል ላኩባት።

«ራሳቸው መጥተው ይጠይቁኝ» አለችው።

እትዬ ይርገዱ አልመጡም። ልጅቱም የተዳረችው የገበያ ክር ለብሳ ነው።