የኪሊማኒው የጾም ጎመን

ዘንድሮ ሁዳዴን የገፋሁት ኪሊማኒ ሰፈር፣ ከቢሮዬ ፊት ለፊት ያለ የቻይና ምግብ ቤት በሚሠራው ጎመን ነው። እቤቴ ልሠራው ብዬ አምስት ጊዜ ሞከርኩ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ሶያ ሶሱ ሁሉ አለ፤ ያ ጣዕም ግን የለም። እረፍት ነሳኝ! ትናንት አላስችል ቢለኝ ወጥ ቤታቸው ድረስ ዘልቄ ሼፉን ጠየቅኩት።

«የዶሮ መረቅ ጠብ እናደርግበታለን» አለኝ እየሳቀ።

ክው አልኩ። ማታቱ የሚሉትን ታክሲ ይዤ በቀጥታ ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ የንስሐ አባቴ ቤት ሄድኩ። ሳላውቅ ጾም መግደፌን፣ የምግብ ቤቱን ስም ሳይቀር ተናዘዝኩ። ቁጣቸውን ስጠብቅ፣ አባ መስቀላቸውን ያገላብጡ ጀመር።

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንጉዳዩስ? እሱም በመረቅ ነው የሚሠራው?»