አባቴን የሰጠሁበት ቤት

መንሹ ከእጁ ወደቀ። የአባቴ ሕመም የጀመረው በዚህ ነው። በአገራችን በድብ ባሕር፣ ከአውድማችን ላይ ገብስ እያዘራን ነበር። እስኪያነሣው ጠበቅሁ። አላነሣውም። ቀና ብዬ ሳየው አፉ ወደ ግራ ተጣሟል፤ ቀኝ እግሩም እየከዳው ነው።

«አባባ፣ ምነው?» አልሁት።

ሊመልስልኝ ሞከረ። የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም።

ጎረቤቱ ልክፍት ነው አለ። በቃሬዛ ተሸክመን እስከ መንገዱ አወረድነውና እህል በጫነች ማኪና ጎንደር አደረስነው። ፈረንጁ ሐኪም በአስተርጓሚ ነገረኝ፦ «የአንጎሉ ደም ሥር ተዘግቷል። የቀኝ ጎኑ መዛል ሄሚፕሌጂያ ይባላል፤ የንግግሩ መጥፋት ደግሞ አፌዢያ። ይሰማሃል፣ ያውቅሃልም። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጠው። ብቻውን አትተወው።»

ብቻውን ተውሁት።

እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ሚስት አላገባሁም ነበር፤ አንዲት እህቴ ጥሩወርቅም የተዳረችው አዲ አርቃይ ነው። አንድ ጠዋት ሰማዩ ጠቆረ። ነዶው ሳይበሰብስ ልከምር ብዬ አባቴን ምድጃው አጠገብ አስተኛሁትና ወጣሁ። ቶሎ እመለሳለሁ አልሁት። ቆየሁ።

በሩን ሳልከፍት ሽታው መጣ። ከመደቡ ወድቋል። ግራ እጁ ከሥሩ ታጥፎ ተይዟል። ቀኝ እጁ ፍሙ ውስጥ ነው። እጁ አይሰማውም። መጮህ አይችልም። ዐይኑ በሩ ላይ ነበር።

መልሰን ጎንደር ወሰድነው፤ ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ።

ከዚያ ወዲህ ሥጋ የሚጠበስበት ቤት አልቀመጥም።

«ቁስሉን እኛ እናክማለን» አለኝ ሐኪሙ። «አንተ ግን ሁልጊዜ ሰው የማይጠፋበት፣ እጅና እግሩን በየቀኑ የሚያለማምዱለት ቤት ፈልግለት።»

በከተማው ሁለት ቤት ነገሩኝ። የመጀመሪያው አንድ ባለጸጋ ያሠሩት ነው፤ ግድግዳው በኖራ የነጣ፣ ወለሉ የጸዳ። ሕሙማኑ ሁሉ ተኝተዋል፤ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ነው። «እዚህ ሰው ወድቆ ያውቃል?» ብዬ ጠየቅሁ። ጠባቂው ተቆጣ። «እኛ ዘንድ ማንም አይወድቅም!» አለኝ።

ሁለተኛው ጣሊያን ጥሎት የሄደ አሮጌ ቤት ነው። የሰፈሩ ሰው ማኅበር ገብቶ፣ በየተራ ምግብ እያመጣና እያስታመመ ያስተዳድረዋል። ጣሪያው ያፈሳል። ጫጫታም ነበረበት። በግድግዳው ዙሪያ ገመድ ተወጥሯል፤ ሁለት ሽማግሌዎች ገመዱን ይዘው እየተሟገቱ ይራመዳሉ። ኀላፊው አያ ደስታ በአርበኝነቱ ዘመን እግሩን ተመትቶ ያነክሳል። ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁት።

«ይወድቃል እንጂ» አለኝ። «ትናንትም አንዱ ወድቋል። የሚራመድ ሰው ይወድቃል። እናነሣዋለን።»

ጥሩወርቅ ሰምታ መጣች። «አባታችንን ለባዕድ ልትሰጥ? ምነው፣ ቤት የለውም? ሰው ምን ይለናል?» አለችኝ። የአባቴን ፋሻ ፈትቼ እጁን አሳየኋት። ተቀመጠች። «እሱን ጠይቀው» አለች።

ጠየቅሁት። እሺ ካልህ እጄን ያዝ አልሁት። በግራ እጁ ያዘኝ።

አያ ደስታ በየጠዋቱ የአባቴን ጉልበትና ክርን በኑግ ዘይት እያሸ ሲያጥፍና ሲዘረጋ፣ ማንኪያ በግራ እጁ ሲያስይዘው፣ መጀመሪያ በሁለት ሰው ተደግፎ፣ ኋላም ገመዱን ብቻ ይዞ ከመኝታው እስከ በሩ እንዲደርስ ሲያደርገው፣ እኔም በየቅዳሜው ከድብ ባሕር እየመጣሁ ከጎኑ እራመድ ነበር። ወድቆም ያውቃል። ጎኑ ያሉት ሕሙማን ቀድመው ይጮሁለታል፤ ሰው ሮጦ ያነሣዋል።

በአምስተኛው ወር ቃል አወጣ። ዐይን ዐይኔን እያየ፣ «እሳት» አለ። ሌላው ሁሉ እልል አለ። እኔ ወጥቼ ከቤቱ ግንብ ሥር ተቀመጥሁ። አያ ደስታ ተከትሎኝ መጣና፣ «መናገሩ ሸጋ ነው። ሌላም ይናገራል» አለኝ።

ሌላም ተናገረ። ዓመት ሲሞላው በከዘራ ይሄድ ጀመር። ወደ ቤት ልወስደው በቅሎ ይዤ ሄድሁ። በቅሎዋን አየ፤ እኔንም አየ። «እዚህ» አለኝ። በከዘራው የገዛ አልጋውን አሳየኝ። ይቅርታ ያን ቀን ጠየቅሁት። ራሴን በግራ እጁ ዳበሰኝ፤ አልሄድም ማለቱን ግን አልለወጠም። ሦስት ዓመት እዚያው ኖሮ፣ እዚያው በሰው መካከል ዐረፈ።

አያ ደስታንና ማኅበርተኞቹን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ቤት የምትመርጡ፣ ሳትነግሩ ሂዱ፤ የሕሙማኑን ጀርባና ተረከዝ ገልጣችሁ በመተኛት ብዛት አለመቁሰሉን እዩ፤ ሰው ሲወድቅ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ። ታማሚው መናገር ባይችልም እሱን ሳትጠይቁ አትወስኑ። የምትወስዱበት ቤት ከሌለ ደግሞ ለጎረቤት ንገሩ። እኔ አባቴን ብቻዬን ማገላበጥና ማጠብ እንዳቃተኝ መናገር አፍሬ ለማንም አልነገርሁም ነበር። ከአጥራችን ማዶ ሦስት ቤት ነበረ።